ጋሼ ቀንዱን የጣለ ጊዜ

ትናንት ልጄ ዳንኤል ጋራዥ ውስጥ ቁጭ ብሎ ቀንድ በድሪል ሲበሳ ሽታው ወጣ። የተቃጠለ አጥንት ሽታ ነው። ምራቴ አፍንጫዋን ይዛ በሩን ዘጋችበት። እኔ ግን ወንበሬን ይዤ ወደ ጋራዡ ገባሁ። የሚበሳው የልጅነቴ ቀንድ ነው።

ልጅነቴ ስል ሌላ እንዳታስቡ። ሰው ስለ ልጅነቱ ሲያወራ ስድስት ዓመቱን፣ ሰባት ዓመቱን ያወራል። እኔ በዚያ ዕድሜዬ ልጅ አልነበርኩም። ከቄራ የከብት ራስና እግር ተሸክሜ ልኳንዳ ቤት የማደርስ ሠራተኛ ነበርኩ። ፊደል ላስቆጥረው ያለ ሰውም አልነበረም። ልጅ የሆንኩት በስልሳ ስምንት ዓመቴ ነው፤ ልጄ ጋ መጥቼ፣ ዩለስ በምትባል የፈረንጅ ከተማ፣ ከአውሮፕላን ማረፊያው ሥር። ልጅነት ዘግይቶ መጣ፣ አንድ ወቅት ቆየና ሄደ። የምጽፈው ስለሱ ነው።

ልጅ ሆንኩ ስል ቀልድ አይደለም። የልጄ ቤተሰቦች መንገድ የሚያሻግሩኝ እጄን ይዘው ነው። የመኪና ቀበቶ የሚያስሩልኝ እነሱ ናቸው። የጃኬቴን ዚፕ የምትዘጋልኝ የዳንኤል ልጅ ሶልያና ናት፤ ያኔ ስምንት ዓመቷ ነበር።

«አባባ፣ ኮልድ ነው፣ ዝጋ» ትለኛለች።

«ዝጉ በይ» እላታለሁ።

«ዝጉ ለብዙ ሰው ነው። አንተ አንድ ነህ።»

እንደ ልጅም የማላውቀውን ሁሉ በራሴ እተረጉም ነበር። መንገድ ዳር ቢጫ ሰሌዳ አለ፣ የሚዘል አጋዘን የተሳለበት። ባየሁት በሁለተኛው ቀን ዳንኤልን «ይሄ ሰፈር የአጋዘን ልኳንዳ በዝቶበታል» አልኩት።

«አባዬ፣ ልኳንዳ አይደለም። አጋዘን እዚህ ጋ ያቋርጣል፣ ተጠንቀቁ ማለት ነው።»

«አጋዘኑስ እዚህ ጋ ተሻገር መባሉን በምን ያውቃል?» አልኩት።  እስከ ዛሬም እጠይቀዋለሁ።

ዳንኤል ኤርፖርት ሻንጣ ይጭናል፤ ምራቴ የሽማግሌዎች መጦሪያ ቤት ውስጥ ትሠራለች። ቅዳሜ ሁለቱም ሥራ ናቸው። ስለዚህ ቅዳሜ ጠዋት እኔንና ሶልያናን ቤተ ክርስቲያን ያወርዱናል፤ እዚያ ለልጆች የአማርኛ ትምህርት አለ። ዳንኤል እኔን «ሶሊን ቁጭ ብለህ ጠብቃት» አለኝ። በኋላ እንደሰማሁት እሷንም «አባባን ቁጭ ብለሽ ጠብቂው» ብሏት ኖሯል።

ቤተ ክርስቲያናችን ድሮ መጋዘን ነበረች። ከኋላዋ የራሷ ጫካ አላት፤ ፒካን የሚሉት ፍሬው እንደ ለውዝ የሚበላ ዛፍ፣ ሱሪ የሚቀድ እሾሃማ ሐረግ፣ ከታች ደግሞ ቀጭን ወንዝ። የምታስተምረው ምሕረት ትባላለች፤ አርሊንግተን ዩኒቨርሲቲ የምትማር ቀልጣፋ ልጅ ናት። የመጀመሪያ ቀን ግድግዳ ተደግፌ ስቆም አይታ ትንሽዬ ሰማያዊ ወንበር አመጣችልኝ።

«ከሚቆሙ ይቀመጡ፣ አባባ» አለችና እርሳስ ሰጠችኝ።

«እኔ ጠባቂ ነኝ» አልኩ።

«ጠባቂ ፊደል ቢያውቅ ምን ይጎዳዋል?»

ተቀመጥኩ። ጉልበቴ አገጬ ጋ ደረሰ። ሕፃናቱ ሳቁ። እንዲህ አድርጌ ትምህርት ቤት ገባሁ።

አውሮፕላኖቹ ጣሪያችንን ታክከው ነው የሚያርፉት። አንዱ ሲመጣ መጋዘኑ ይንቀጠቀጣል፣ ምሕረት አፏን እንደከፈተች ትቆማለች፣ እኛም ጣታችንን የደረስንበት ፊደል ላይ ተክለን እንጠብቃለን። «ሀ፣ ሁ፣ ሂ» እንላለን፤ አውሮፕላን ይመጣል፤ ያልፋል፤ «ሃ፣ ሄ» እንላለን። ለጥቂት ሳምንት በሂ እና በሃ መካከል መቆም ሕግ ነው ብዬ አምኜ ነበር።

ፊደሎቹን በመልካቸው ነው የያዝኳቸው። ሀ የላም ራስ ናት፣ ሁለት ቀንድ ያላት። ሠ ስትመጣ ደግሞ «ይቺ አጋዘን ናት!» ብዬ ጮህኩ፤ ቅርንጫፍ አላታ።

«ንጉሡ ሠ ነው የምትባለው» አለች ምሕረት።

ልጆቹ ግን ከዚያ ወዲያ ንጉሡን ረሱት፤ «ዲሩ ሠ» አሏት።

ዲር የሚሉት እዚህ አገር ያለውን አጋዘን ነው። በመስኮታችን በኩል ከጫካው እየወጣ ፒካን የሚለቅም አንድ ትልቅ ወንድ ነበረ። ቀንዱ እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ ነው። ግራ ጆሮው እስከ ግማሽ ተሰንጥቋል፤ ሽቦ ይሁን ጠብ አይታወቅም። ደረቱን ነፍቶ ቀስ ብሎ ስለሚራመድና ሲጠሩት ስለማይዞር ልጆቹ «ጋሼ» ብለውት ነበር። ሶልያና ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ መስኮቱ ጋ ትሄድና «ሃይ ጋሼ!» ትለዋለች። ምሕረት ዋላ ነው ትላለች፣ መጽሐፍ ቅዱሱ ዋላ ስለሚል። እኔ አጋዘን ነው እላለሁ። ልጆቹ ዲር ይላሉ። እሱ ለሦስቱም አይዞርም።

ስሕተቴ ከስሙ ነው የጀመረው። አጋዘን ብዬ ስጠራው የአገር ቤቱን አጋዘን ጠባይ ሁሉ አብሬ ሰጠሁት።

አሁን ስለ መድረኩ ልናገር። ትምህርቱ ሲዘጋ፣ የዚህ አገር በጋ ሲገባ፣ እሑድ ቀን ልጆቹ ጉባኤው ፊት ወጥተው እያንዳንዳቸው አንድ ምሳሌያዊ አነጋገር ያነባሉ። ምሕረት በየወረቀቱ ጽፋ አደለችን። ለሶልያና የደረሳት «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ነበር። ልጆቹ ዲር ነው ብለው ተንጫጩ፤ ጋሼና ዘመዶቹ ተሰብስበው አንበሳ ሲያስሩ ሥዕል ሳሉ። ምሕረት ክር ከቦርሳዋ አውጥታ «ይሄ ነው ድር!» ብትል ማን ሰምቷት።

ለእኔም ጻፈችልኝ፤ «ፊት የበቀለን ጆሮ ኋላ የበቀለ ቀንድ በለጠው።» አነበበችልኝ።

«ይቺ ስድብ ናት» አልኳት። «ሕፃን በለጠህ ለማለት ነው።»

«አይደለም አባባ፤ ቀንዱ እርስዎ ነዎት። ኋላ የመጡት እርስዎ አይደሉም እንዴ?»

ነገሩ አልከፋኝም፤ መድረክ ላይ ግን አልወጣም አልኩ። ምክንያቱን ለማንም አልተናገርኩም። እሑድ እሑድ መጽሐፍ ቅዱሴን ገልጬ እይዛለሁ። አጠገቤ ያለው ሰው ገጽ ሲገልጥ እገልጣለሁ፣ ራሱን ሲነቀንቅ እነቀንቃለሁ። ሽማግሌዎቹ ሁሉ አንባቢ ነው ብለው ያከብሩኛል። በእነሱ ፊት ከሕፃናት ጋር ተሰልፌ ልንተባተብ? ሞቼ ነው!

የካቲት ሊያልቅ ሲል አንድ ሳምንት ሙሉ ዘነበ። ቅዳሜ በእረፍት ሰዓት ለምርኩዝ የሚሆን እንጨት ፈልጌ ወደ ጫካው ወረድኩ። የበሰበሰ የፒካን ቅጠል ውስጥ ቆንጆ ቅርንጫፍ አየሁ። ስስበው ከበደኝ። ቀዘቀዘኝም። እንጨት እንዲህ አይቀዘቅዝም። ጭቃውን በእጄ ስጠርገው ቀንድ ነው! አምስት ጣት ያለው፣ ጫፉ የተወለወለ፣ ሥሩ እንደ አሞሌ ጨው የሻከረ ቀንድ። ልቤ ዘለለ። እንዲህ የዘለለው መቼ እንደሆነ ትዝ አይለኝም።

«ኑ! ኑ! ሩጡ!» አልኩ።

መጡ። ነኩት፣ አሸተቱት፣ ናቲ የሚባለው ትንሹ ጫፉን ላሰው። ሶልያና በሁለት እጇ ይዛው «ሶ፣ ጋሼ የት አለ?» አለችኝ።

«ሞቷል» አልኩ።

የቀንዱን ሥር አሳየኋቸው።

«ቀንድ ከራስ የሚላቀቀው ባለቤቱ ሞቶ ሲበሰብስ ነው። እኔ በራስና በቀንድ መሀል ነው ያደግኩት። ላም ቀንዷ አይከብዳትም ይባላል፤ ታዲያ አጋዘን ከብዶት ጣለው ልበላችሁ? ሞቷል።»

ናቲ አለቀሰ። እሱን አይተው ሁለት ልጆች ተከተሉ። ሶልያና ግን ቀንዱን ደረቷ ላይ ለጥፋ ጮኸችብኝ።

«ሞታ አይደለም!»

«ወንድ ነው። ሞተ ነው የሚባል።»

«አልሞተም!»

«አሁን በደንብ አልሽው።»

«ሲሪየስሊ፣ አባባ! ካልሞተ ስቴጅ ላይ ትወጣለህ?»

እልኸኛ ነኝ፤ እልኸኛ ሰው አፉ ይቀድመዋል። «እወጣለሁ። ከሞተስ?»

አሰበች። «ከሞተ… ዓመቱን ሙሉ እቤት አማርኛ ብቻ አወራለሁ።»

«አንቱም ትይኛለሽ።»

«ኦኬ። አንቱም።»

ምሕረት ከላይ ሰምታ «ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ውርርድ የለም!» ብላ ወረደች።

«ውርርድ አይደለም ቲቸር» አለች ሶልያና እንባዋን በእጅጌዋ እየጠረገች። «ዲል ነው።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ወንበሯን ከእኔ ወደ ናቲ ጎን ወሰደች። የደረስንበትን ፊደል የሚያሳየኝ ጠፋ። ጃኬቴንም የሚዘጋልኝ ጠፋ፤ ዚፑን ራሴ እታገለው ጀመር፣ አሸነፈኝም፣ ተከፍቼ እሄድ ነበር።

እኔ ደግሞ ሬሳውን ፍለጋ ገባሁ። ሬሳ ካለ አሞራ አለ። ሰማዩን ባይ ባይ አውሮፕላን ብቻ ነው። ወንዙን ዳር ለዳር ሄድኩ፤ እሾሁ ሱሪዬን ቀደደው። ጠጉር የለም፣ አጥንት የለም፣ ሽታ የለም። የቄራ ሰው አፍንጫ አይሳሳትም፤ የሞተ ነገር አልነበረም።

ቀንዱንም አስቀምጬ መረመርኩት። የላም ቀንድ ቀፎ ነው፤ ውስጡ የሚገባ አጥንት አለ፣ ያ ሲወጣ ዋንጫ ይሠራበታል። ይሄ ግን ድፍን ነው፤ ከዳር እስከ ዳር አጥንት። የራስ ቅል ቁራጭ አልተከተለውም። ቢላዋ ያረፈበት የለም፣ መጥረቢያም። ሥሩ የበሰለ ፍሬ ከግንዱ እንደሚለቅ ነው የለቀቀው።  ለማንም አልተናገርኩም። ሞቷል ብያለሁ፣ ሞቷል።

መጋቢት ውስጥ አንድ ቅዳሜ አየሩ ሞቅ ብሎ ነበር። ልጆቹ ክፍል ውስጥ «ከ፣ ኩ፣ ኪ» እያሉ ይጮኻሉ። እኔ አጠገቤ ሰው ስለሌለ ሰልችቶኝ ከኋላ በር ወጥቼ ቆምኩ። ከፒካኑ ሥር አጋዘኖች ይግጣሉ። ቀንድ የላቸውም። እንስቶች ናቸው ብዬ ልመለስ ስል አንዷ ቀና አለች።

ግራ ጆሮዋ እስከ ግማሽ የተሰነጠቀ ነው።

አንገቷም ወፍራም ነው፤ የእንስት አይደለም። ከጆሮዎቹ መሀል፣ ግንባሩ ላይ፣ ሁለት ክብ ምልክት አለ፤ ወድቆ የተነሣ ልጅ ጉልበቱ ላይ እንደሚይዘው ዓይነት ቅርፊት፣ ቀላ ያለ። አየኝ። እኔም አየሁት።

ከእኔ በቀር ያየ የለም። ዝም ብል፣ አንድ ጊዜ ባጨበጭብ፣ ወደ ጫካው ይገባ ነበር፤ መድረኩም ይቀርልኝ፣ ክብሬም ይተርፍልኝ ነበር። ይሄን ሁሉ አሁን ነው የማስበው። ያኔ እግሬ አልጠየቀኝም። ስሮጥ ራሴን ያገኘሁት ክፍሉ መሀል ነው።

«ጋሼ! ጋሼ አለ! ቀንድ የለውም እንጂ አለ!»

ወንበር ተገለበጠ። ሁሉም መስኮቱ ላይ ተለጠፉ፣ መስታወቱ በትንፋሽ ጨለመ፣ በመዳፍ ጠረጉት።

«እሱ አይደለም፣ ቀንድ የለውም» አለ ናቲ።

«ጆሮውን! ጆሮውን እዩ!» ሶልያና በእግሯ ጣት ቆማ ትጮኻለች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «አባባ! ቀንዱ ወደቀ፣ ጆሮው ግን አለ! ሶ፣ ጆሮው ነው የበለጠው!»

የአባቶችን ተረት ገልብጣ ሰጠችኝ። እኔም ሳቄ መጣ፤ ሆዴን ይዤ ሳቅኩ። አውሮፕላን መጣ፣ መጋዘኑ ተንቀጠቀጠ፣ ጋሼ ሣሩን ይግጣል። ሶልያና ከሳምንታት በኋላ ጎንበስ ብላ ጃኬቴን እስከ አገጬ ዘጋችልኝ።

በዚያው ቀን ሙግት ሆነ። ምሕረት «በየዓመቱ ይጥሉታል፣ በየዓመቱ ደግሞ አዲስ ያበቅላሉ» አለች።

«በየዓመቱ? ይሄን የሚያክል አጥንት?» ቀንዱን ጠረጴዛው ላይ ጣልኩት። «ከየት አምጥቶ?»

«ከሚበላው።»

«ሣር በልቶ? እኔ ሥጋ በልቼ ጥፍሬ እንኳ በቅጡ አያድግም! እንዲህ ያለ ነገር አልቀበልም።»

ሶልያና አጠገቤ መጥታ አፏን በሰፊው ከፈተች። ከፊት አንድ ጥርሷ ወልቋል፤ ሌላውን በምላሷ ታነቃንቀዋለች።

«ጥርሴ ሲወልቅ ሞትኩ?» አለችኝ።

እግዚአብሔር ያሳያችሁ። ጥርስ ሲወልቅ ጣሪያ ላይ እየወረወርኩ ያለፍኩ ሰው ነኝ። ቀንድ በቀለ እንላለን፣ ጥርስ በቀለ እንላለን፣ ሣር በቀለ እንላለን። አንድ ቃል ነው። ስልሳ ስምንት ዓመት ሙሉ እላታለሁ፤ ምን እንዳልኩ ግን ሰምቼ አላውቅም።

ከዚያ በኋላ ቅዳሜ እስኪደርስ አላስችልህ አለኝ። ዳንኤል «አባዬ፣ ገና እኮ ነው፣ ፓርክ ላድርግ» እያለ እኔ በሩን ከፍቼ እወርዳለሁ። ሚያዝያ ላይ ቅርፊቱ ጠፍቶ ሁለት እብጠት ወጣ፣ ኮክ የሚመስል፣ ለስላሳ ጠጉር የለበሰ። ምሕረት ሲያድግ ቆዳ እንዳለው፣ ውስጡ ደም እንደሚዞር፣ ቢነኩት ትኩስ እንደሆነ ነገረችን። ሲጨርስ ነው ደሙ የሚቆመው፤ ቆዳውን ዛፍ ላይ አሽቶ ይገፍፈዋል፣ የሚቀረው ደረቅ አጥንት ነው። ጋሼም ያውቀዋል። ድሮ ቁጥቋጦውን ደርምሶ የሚያልፈው፣ አሁን አዲስ ልብስ እንደለበሰ ልጅ ከቅርንጫፍ እየተጠነቀቀ ይሄዳል።

ቀንዱ መጀመሪያ ሀ ሆነ። ሁላችንም «ሀ!» አልን። ከሁለት ሳምንት በኋላ ቅርንጫፍ አወጣ። «ሠ! ዲሩ ሠ!» ክፍሉ ተናጋ። ምሕረት ሰሌዳዋን ትታ መስኮቱ ላይ ታስተምረን ነበር ብል አልዋሸሁም።

እሑዱ ደረሰ። ሱፌን ለበስኩ። በቁመት አሰለፉን፤ ከኋላ ብቻዬን እንደ ምሰሶ ቆምኩ። ከፊት ወንበር አንዱ ሽማግሌ «ሕፃናቱን ሊጠብቁ ነው የወጡት» ሲል ሰማሁት።

ሶልያና ማይኩን ያዘች። ወረቀቷን አላየችም፤ እኔን ነው ያየችው። «ዲር ቢያብር አንበሳ ያስር!» አለች። ልጆቹ ፈነዱ፤ ወላጆቹ ምን እንደሆነ ሳይገባቸው አጨበጨቡ፤ ምሕረት ፊቷን በእጇ ሸፈነች።

ተራዬ ሆነ።  ጣቴን ተከልኩ።

«ፊ…ት» አልኩ።  «የ…በ…ቀ…ለ…ን። የበቀለን። ጆ…ሮ።» ሽማግሌዎቹ ቀና አሉ። አንዱ መነጽሩን አወለቀ። ሁሉም ገባቸው። እሑድ እሑድ ገጽ ስገልጥ የኖርኩት ሁሉ በዚያች ቅጽበት ታወቀብኝ።

ቀጣዩ «ኋላ» ነው፤ ኋ የምታስቸግረኝ ፊደል። እዚያ ላይ አውሮፕላን መጣ። መስኮቱ ተንቀጠቀጠ፣ ጣሪያው አጓራ። እንደተማርኩት አደረግሁ፤ ጣቴን ኋ ላይ እንደተከልኩ ቆምኩ። ልጆቹም ቆሙ። ጉባኤው በሙሉ ከእኛ ጋር ቆሞ ጠበቀ።

ሶልያና እጅጌዬን ስባ «ኋ… ላ…» አለችኝ።

«አትንገሪኝ!» አልኳት። ማይኩ ክፍት ነበር። ቤቱ በሳቅ ተናጋ።

አውሮፕላኑ አለፈ። «ኋላ» አልኩ።

ወደሚቀጥለው ቃል ጣቴን ላነሣ ስል ዓይኔ ቀደመው። ቅድም ከጆሮ ጋር፣ «የበቀለን» ብዬ ፊደል በፊደል፣ እንደ ጥርስ የነቀልኩት ቃል ነው። አሁን ከቀንድ ጋር ሲመጣ «የ» አላልኩም፣ «በ» አላልኩም። ሙሉው ቃል፣ ባንድ ጊዜ፣ ወረቀቱ ላይ በቀለ።